የነርሶች ትምህርትና ከባሕር ማዶ የሚመጡ መምህራን

አንድ ሆስፒታል የሚመዘነው በግንቡ ስፋትና በመሣሪያው ብዛት ብቻ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆኖ ትኩሳቱን የሚለካ፥ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጥ፥ የሁኔታውንም መለወጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚያስተውል የሠለጠነ ነርስ ከሌለ፥ ግንቡም መሣሪያውም ከንቱ ወጪ ሆነው ይቀራሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2025 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው መግለጫ፥ በ2023 በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንደነበሩና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጐድሉ አስታውቋል። ይህን ጕድለት ለመሙላት ነርሶችን ማሠልጠን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ነርሶችን የሚያሠለጥኑት መምህራን ራሳቸው ከየት ይገኛሉ? ጥያቄው የጤና ጥበቃ ሹማምንትን ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ገንዘብ የሚያስተዳድሩትን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሩዋንዳ ናት። በ1994 በተፈጸመው የዘር ማጥፋት ከሐኪሞቿና ከነርሶቿ ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም ተሰደዱ። ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ2011፥ ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የነበሯት ሐኪሞች 625 ብቻ ነበሩ። ነርሶቿ ከ8 ሺህ ቢበልጡም፥ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተሰጣቸው ሥልጠና በላይ አልተማሩም ነበር።

ስለዚህ የሩዋንዳ መንግሥት በ2012 ለሰባት ዓመት የታቀደ የጤና የሰው ኃይል ፕሮግራም አቋቋመ። በየዓመቱ አንድ መቶ ያህል የሕክምና፥ የነርስነትና የሆስፒታል አስተዳደር መምህራን ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየመጡ በሩዋንዳ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተስማማ። ገንዘቡ ከአሜሪካ መንግሥትና ኤድስን፥ የሳንባ ነቀርሳንና ወባን ለመዋጋት ከተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፈንድ የተገኘ ነበር።

በውሉ ውስጥ ነጋዴዎችም ሆኑ የሒሳብ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሌሎች የዕርዳታ ሥራዎች እንደተለመደው ገንዘቡ በውጭ አገር ድርጅቶች እጅ አላለፈም፤ ለሩዋንዳ መንግሥት ተሰጥቶ ውሉን ከዩኒቨርሲቲዎቹ ጋር የሚዋዋለው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሆነ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ለጽሕፈት ቤት ወጪ የሚወስዱት ከመቶ 7 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገንዘብ ከፋዩ የሥራው ባለቤት ስለሆነ፥ መምህራኑ የሚመጡት በአገሩ ዕቅድ እንጂ በላኪው ፈቃድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ውል መልካም ሆኖ መጻፉ ሥራውን ቀላል አያደርገውም። አዲሱ መምህር ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ የሚገጥመው የቋንቋ ችግር ነው። ሩዋንዳ በ2008 የትምህርት ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ለመለወጥ ወስናለች። ስለዚህ በክፍል የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ቀደም ብለው የሠለጠኑት የሆስፒታሉ ባልደረቦች የተማሩት በፈረንሳይኛ ነው፤ ሕመምተኛው ደግሞ ሕመሙን የሚናገረው በኪንያሩዋንዳ ነው። ሕመምተኛው የት እንደሚያመው ለመጠየቅ መምህሩ የተማሪውን አስተርጓሚነት ይሻል። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መምህሩ ከሚያስተምረው የሚማረው ይበልጣል።

ሁለተኛው ችግር የአሠራር ልዩነት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታል ጥቂት ሕመምተኞችን ብቻ ሲጠብቅ የኖረ ነርስ፥ እዚህ አንድ ሰው ብዙ አልጋ ሲጠብቅ ያያል። ሕመምተኛውን የሚያጥበውና የሚመግበው ከቤቱ አብሮት የመጣው ዘመድ ነው። በአገሩ መጽሐፍ የታዘዘው መሣሪያ በማይገኝበት ጊዜ፥ መምህሩ ትእዛዙን እንዳለ ቢያስተምር ተማሪው ፈተናውን ያልፋል እንጂ ሕመምተኛውን አይረዳም። ስለሆነም በእጅ ባለው ነገር ደኅና አሠራር ምን እንደሆነ ማሳየት፥ ይልቁንም እጅ መታጠብን፥ የትኩሳትንና የደም ግፊትን መዝገብ በትክክል መያዝን፥ የሕመምተኛውን መባስ በጊዜ ለሐኪም ማስታወቅን ማስለመድ ከማናቸውም አዲስ መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅማል።

የፕሮግራሙ ዋና ሐሳብ ግን እያንዳንዱ የውጭ አገር መምህር ከአንድ ሩዋንዳዊ ባልደረባ ጋር ተጣምሮ እንዲሠራና ሲሄድ ዕውቀቱን ለእርሱ ትቶ እንዲሄድ ነበር። በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች አማካይነት ተጠንቶ በ2020 የወጣው ግምገማ፥ የሠለጠኑ ሠራተኞች ቁጥርና የትምህርቱ ደረጃ ከፍ ማለቱን ሲመሰክር፥ ይህ ጥምረት ግን በሁሉም ስፍራ እኩል እንዳልተሳካ ገልጿል። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም፤ ሩዋንዳዊው ባልደረባ የራሱ የዕለት ሥራ አለበት። ከዚያ ሥራ ጥቂት ካልተቀነሰለት ከእንግዳው ጐን የሚቆምበት ጊዜ ከወዴት ያገኛል?

የተተከለው ሁሉ ግን አልጠፋም። የሩዋንዳ ዩኒቨርሲቲ በ2015 በነርስነት የማስተርስ ትምህርት ጀምሯል፤ ይህም አገሪቱ የነርስ መምህራንን ከራሷ ልጆች እንድታፈራ መንገድ የከፈተ ነው። የአሜሪካ የኤድስ መከላከያ ፈንድ በ2017 ድርሻውን ሲያቋርጥ መንግሥቱ ሥራውን በጠበበ ዓቅም ቀጠለ። በ2023ም የጤና ሠራተኞችን ቁጥር በአራት ዓመት ውስጥ በአራት እጥፍ ለማሳደግ ሌላ ዕቅድ አወጣ።

በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በብዙ በመቀነሱ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ዕርዳታ በሰጪው ፈቃድ የሚመጣና የሚቋረጥ ነው፤ የሠለጠነ መምህር ግን በአገሩ በቂ ደመወዝና የሚያድግበት ደረጃ ካገኘ ይቀመጣል። እነዚህን ካላገኘ፥ ነርስ የጐደላቸው ባለጸጋ አገሮች በራቸውን ከፍተው ይጠብቁታል፤ በድኻ አገር ገንዘብ የተማረውም ለሌላው አገር ያገለግላል። ስለዚህ ከባሕር ማዶ መምህራንን የሚያስመጣ ማናቸውም መንግሥት፥ የእንግዳውን የአውሮፕላን ዋጋና የቤት ኪራይ በሚያስብበት በዚያው የበጀት መዝገብ፥ የሚተካውን የአገር ልጅ ደመወዝ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ መጻፍ ይገባዋል።