ሙቀት አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል እንጂ!

ሰሞኑን ኢንቦክሴን ያጨናነቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ ፕሮሰሰሬን ኦቨርክሎክ ላረገው ነው፤ ፔልቲየር ልግዛ፣ የውኃ ወይስ የፋን?»

መልሴ ሻጮቹን አያስደስትም። ፋን!

ፔልቲየር አዲስ ተአምር አይደለም፤ ከ1834 ጀምሮ ይታወቃል። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ሙቀቱን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ይገፋል። የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ራሱም ሙቀት ይሆናል። 150 ዋት ሙቀት የሚያወጣ ፕሮሰሰር ላይ 200 ዋት የሚበላ ፔልቲየር ብትለጥፉ፣ በጀርባው 350 ዋት ማስወገድ አለባችሁ። በምን? ያው በውኃ ወይ በፋን! አብዝቶ ካቀዘቀዘ ደግሞ ጤዛ ይይዛል፤ ማዘርቦርድ ላይ ጠብታ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ? ኢንቴል እንኳ በ2020 ያመጣውን የፔልቲየር ማቀዝቀዣ በ2023 ትቶታል።

«አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ውኃ ይሻላል» የምትሉም አላችሁ። አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው። የውኃውስ ራዲያተር ሙቀቱን የት ነው የሚጥለው? እዚያው ስስ አየር ላይ! ውኃ የሚበልጠው ራዲያተሩ ሰፊ ስለሆነ ነው። ለሰዓታት ሬንደር ለሚያደርግ ትልቅ ፕሮሰሰር፣ እሺ ይሁን። ግን ፓምፑ ሲሞት ሥራ ይቆማል፤ ፋን ሲሞት ሌላ ፋን ትገጥማላችሁ፣ አለቀ።

ደግሞስ ለምን ትርፍ? አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች አቅም ሲያገኙ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይጨምራሉ፤ ከዚያ በላይ የምታገኙት ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ደመወዛችሁን እዚህ ላይ ስታፈሱት ዝም ብዬ አላይም። ጥሩ ሂት ሲንክ ግዙ፣ አቧራውን አራግፉ፣ ፔስቱን ቀይሩ። የተረፈውን ብር ራም ግዙበት።

የማይስማማ ኮመንት ላይ ይምጣ፤ ግን ቁጥር ይዞ!