አምባዛው ከሣጥኑ ሲበልጥ



ባለፈው ወር ኮምቦልቻ ለዚያራ በሄድንበት ቤት፣ ከሳሎኑ ጥግ አንድ የመስተዋት ሣጥን አየን። የቤቱ ልጅ ከዓመት በፊት ከሐይቅ ስድስት ቆሮሶና ጣት የሚያክል አንድ አምባዛ አምጥቶ ነበር። እኛ ስንደርስ ቆሮሶዎቹ የሉም፤ አምባዛው ክንድ አክሎ ብቻውን ተጋድሟል። «አባባ ጣለው ይሉኛል፤ እኔ ለምጄዋለሁ፤ እስቲ እናንተ ፍረዱን» አለን።

ቆሮሶዎቹን ማን እንደ በላቸው መጠየቅ አያስፈልግም። አምባዛ ቀን ተጋድሞ ይውላል፤ ሌሊት በጢሞቹ እየዳሰሰ ያድናል፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። ሲያድግ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ርዝመቱ 150፣ ወርዱና ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ደግሞ 540 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻ ከአምስት ኩንታል በላይ መሆኑ ነው። ደሴ ውስጥ በሳንቃ ወለል ላይ ይህን ሊያስቀምጥ ያሰበ ወንድም አስቀድሞ ወለሉን ይመርምር። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሜትር የሞላው ዓሣ በዚያ ወርድ ውስጥ መዞር ይቸግረዋል።

ከቦታው ይልቅ የሚከፋው የውኃው ነገር ነው። ሥጋ በል ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይበዛበታል፤ አሞኒያም የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። ይህን መርዝ የሚለውጡት በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ በቧንቧ ውኃ ክሎሪን ግን ይሞታሉ። ስለዚህ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ ማጣሪያውን በቧንቧ ማጠብ፣ ንጽሕና መስሎን የምንፈጽመው ጥፋት ነው። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ብቻ፣ አፉ በተከፈተ በርሜል አንድ ቀን ባደረ ውኃ መለወጥ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋስ? አምባዛ ብቅ ብሎ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ይቋቋማል፤ ሌላው ዓሣ ይታፈናል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃዋ ለእንዲህ ያለው ዓሣ ይቀዘቅዛል፤ ሲያሞቁት ደግሞ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ኮምቦልቻ በዚህ ረገድ ትሻላለች።

እንስሳን በቤት ማኖር በራሱ ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትንሽ ወፍ ይዞ ይጫወት የነበረውን ሕፃን አቡ ዑመይርን አልከለከሉትም። ነገር ግን አንዲት ሴት ድመት ዘግታ፣ ራሷ ሳትመግባት፣ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት በመሞቷ እንደ ተቀጣች የነገሩንም እርሳቸው ናቸው። የልጁ ጓደኞች አምባዛው ሲውጥ ለማየት በሕይወት ያሉ ዓሦች እየጣሉለት ይስቁ እንደ ነበር ስንሰማ ደስ አላለንም። የተከተፈ ዓሣና ትል ይበቃዋል።

አባትየው «እንግዲያው ቦርከና ወንዝ ይለቀቅ» አሉ። ይህን አልተቀበልንም። የአንዱን ውኃ ዓሣ ወደ ሌላው መውሰድ በሽታም ሊያጋባ ይችላል። በሀገራችን ጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ናይል ፐርች፣ እንደ ኤሮጳ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ተለቅቆ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎችን አጥፍቷል። (የሐይቅ ቆሮሶም ቢሆን በሰው እጅ የገባው በ1970ዎቹ ነው፤ እርሱስ ለምግብ ጠቅሟል።)

እንግዲህ ሁለት መንገድ ቀረ፤ ወይ ሐላል ሲሳይ ነውና አርዶ መብላት፣ ወይ ሰፊ ገንዳ። ልጁ የመጀመሪያውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። እናቱ አይታው «ከጓሮ የጎመኑ መደብ ይነሣ» አሉ። አባትየው ዝም ብለው ቆዩና ስሚንቶ ስንት እንደ ገባ ጠየቁ። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር እንዲሆን ተስማማን፤ የገንዳው ውኃም ለጎመኑ ማዳበሪያ ይሆናል።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅናቸው፤ ገንዳው በወንፊት ሽቦ ይከደን፣ ጠርዙም ድንጋይ ይጫንበት። አምባዛ እርጥብ ሌሊት ካገኘ ከውኃ ወጥቶ በደረቱ እየተሳበ ይሄዳል፤ ጎረቤትም ለሱብሒ ሲነሣ በጨለማ ቢረግጠው ሌላ ሙግት ነው።