«ሲመታህ ና!»

ሰውየው የአምባሰል ገበሬ ነው። ያገኘሁት ሐይቅ ከተማ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነበር። ከወሰንተኛው ጋር በአንድ የእርሻ ድንበር ተጣልቷል። ወሰንተኛው በሰው ፊት «ይህን መሬት ዘንድሮ ብታርስ ሬሳህን ከሞፈርህ ጋር ያነሱታል» ብሎታል። ከዚያ ቀን ወዲህ እርሻው አልሄደም፤ ሌሊት በሩን በግንድ ደግፎ ያድራል፤ ልጁን ከብት ጥበቃ አይልክም። በመጨረሻም «አገር ሕግ አለው» ብሎ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ተረኛው ቀና ብሎ አየውና «መታህ?» አለው። «አልመታኝም።» «ታዲያ ምን እናድርግህ? ሲመታህ ና!»

ሰውየው ብርጭቆውን እያዞረ «ሲመታኝማ የሚመጣው እኔ ሳልሆን ሬሳዬ ነው» አለኝ።

ለመሆኑ «ሲመታህ ና» የሚለው ቃል የት ተጽፏል? በየትኛው አንቀጽ? የትም የለም። ሕጉ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 580 ሌላውን ሰው በከባድ አደጋ ወይም ጉዳት አስፈራርቶ ድንጋጤና ጭንቀት ላይ የጣለ ሁሉ፣ ተበዳዩ አቤቱታ ካቀረበ፣ ከ6 ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማይበልጥ መቀጮ ይቀጣል ይላል። እንግዲህ ወንጀሉ የተፈጸመው ዱላው ሲያርፍ ሳይሆን ቃሉ ወጥቶ ሰውየው ሌሊቱን በሩን ደግፎ ሲያድር ነው። «አትረስ፣ አለዚያ እገድልሃለሁ» ብሎ ሰውን ከገዛ እርሻው ያስቀረ ደግሞ ከማስፈራራት አልፎ ሰውን ማስገደድ በሚለው በአንቀጽ 582 ሊጠየቅ ይችላል። ሕገ መንግሥቱም ለማንኛውም ሰው የአካሉን ደኅንነት አረጋግጦለታል። ደኅንነት ማለት ከቆሰሉ በኋላ መታከም ብቻ ነውን?

«ዛቻ እኮ አፍ ብቻ ነው፤ የሚፎክር አይገድልም» የሚሉ አሉ። ይህን የሚለው ያልተዛተበት ሰው ነው። በወሎ ደም ሲያደርቁ የኖሩት አበጋሮች እንዲህ አይሉም። ደም የሚጀምረው በቃል መሆኑን ያውቁታል። ስለዚህ አስተዋይ ሽማግሌ ክፉ ቃል እንደሰማ ሬሳ እስኪወድቅ አይጠብቅም፤ በዚያው ምሽት ሁለቱም ቤት ይደርሳል፣ ዋስ ይጠራል፣ ቃል ያስገባል። ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ የሚያውቀውን ማኅተም የያዘ ሹም እንዴት ያጣዋል? ደግሞም ዘመኑን እንይ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ሐይቅ ደጃፍ ከደረሰ ወዲህ፣ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮም በክልሉ ሌላ ግጭት ከተነሣ በኋላ፣ መሣሪያ በየቤቱ እንደሚገኝ የማያውቅ የለም። ትናንት በዱላ የሚዝተው ዛሬ በጥይት የሚዝት ከሆነ አፍ ብቻ ነው ማለት ራስን ማታለል ነው።

በሌላ በኩል ተበዳዩም መብቱን አያውቅምና እናስታውሰው። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ሲዛትብህ፣ ሲዛትብሽ ቃሉን እንደተነገረው ያዙት፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰሙትን ሰዎች ጻፉ፣ አለዚያም አስጽፉ። አቤቱታውን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይቻላል። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተነቦለት ባለቤቱ እንዲፈርምበት ያዛል። ስለዚህ «ሂድና ተመለስ» ለተባለ ሰው መልሱ «ቃሌን ጻፉልኝ» ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ ክሱን ቢተወው እንኳ በአቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣ ወንጀል ተበዳዩ ራሱ እንዲከስ በጽሑፍ ሊፈቅድለት ይገባል። ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ከዚህም የሚበልጥ የተረሳ መድኃኒት አለ፤ የመልካም ጠባይ ዋስትና ይባላል። የዛተው ሰው የዛተውን ይፈጽማል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲፈራ ፍርድ ቤት ዋስ ጠርቶ ግዴታ እንዲገባ ሊያዘው ይችላል። ይህ በትክክል የሽማግሌው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የዳኛ ማኅተም ያለበት መሆኑ ነው። ታዲያ ለምን በመጽሐፉ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል?

ሕጉም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። ዛሬ 500 ብር የበግ እግር አይገዛም፤ የሰው እንቅልፍ ግን በዚህ ተተምኗል። በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ በመልእክት ለዛተ ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ነገሩ ሲከብድ እስከ 5 ዓመት እስራት ደንግጓል። እንግዲህ «እገድልሃለሁ» ብሎ በስልክ የጻፈ 3 ዓመት ሲያሰጋው፣ ጠመንጃ አንግቶ በር ላይ ቆሞ የተናገረው በ580 ቢከሰስ 6 ወር ነው! (ቢሆንም የዛቻ መልእክት የደረሳችሁ አታጥፉት፤ ምስክራችሁ እርሱ ነው።) የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003ም የሚያገለግለው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ተራው ገበሬ፣ ከባሏ ተፋትታ «ሌላ ብታገቢ አርድሻለሁ» የተባለችው ሴት ከዚያ ጥላ ውጭ ናቸው።

ለሽማግሌዎቻችንም አንድ ቃል አለን። እርቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ነገር ግን የተዛተበትን ሰው «ሰብር አድርግ፣ አቤቱታህን አንሣ» ብሎ አስገድዶ፣ የዛተውን ያለ ዋስ ወደ ቤቱ መስደድ እርቅ አይባልም። ሰብር ባለቤቱ የሚመርጠው እንጂ በዳይ የሚያዝበት አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጨዋታ እንኳ ሙስሊምን ማስደንገጥን ከልክለዋል፤ ታዲያ የምር የሆነውን ማን ፈቀደው? ዋስ ያለው እርቅ ከሆነ እሰየው። ዋስ የሌለው ከሆነ ግን አቤቱታው ባለበት ይቆይ።

ድሮ በዚህ አገር «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ያነሣውን ዱላ ያወርድ ነበር። ያን ጊዜ ሕጉ በአጠገቡ አልነበረም፤ ስሙ ብቻ ይበቃ ነበር። ዛሬ ሕጉ ከነአንቀጹ፣ ጽሕፈት ቤቱ ከነተረኛው አለ፤ «በሕግ አምላክ» ብሎ የመጣው ሰው ግን «ሲመታህ ና» ይባላል። የአምባሰሉ ገበሬ የለመነው ችሮታ አይደለም። ቃሉ እንዲጻፍ፣ የዛተበት ሰው ተጠርቶ ዋስ እንዲያመጣ፣ እርሱም በሰላም እንዲያርስ ነው። ይህን መከልከል ከዛተው ጋር መተባበር ነው።