ወላጆች ሲፋቱ መምህር ምን ይወቅ?

«መምህር ከፊደልና ከቁጥር ውጭ ምን አገባው?» ሲባል በመኝታ ክፍላችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የደረሰው ነገር ግን ሐሳቤን አስለወጠኝ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በእረፍት ሰዓት አንድ ሰው መጥቶ «አባቷ ነኝ፣ ልወስዳት ነው» አለኝ። ልጅቷም «አባዬ!» ብላ ሮጠች። ታዲያ ምን ልበል? ሸኘኋቸው። ከቀትር በኋላ እናትየዋ እያለቀሰች መጣች። ለካ ከተፋቱ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅቷ ከእናቷ ዘንድ እንድትኖር ፍርድ ቤት ወስኗል፤ የውሳኔው ወረቀትም እቤት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከትምህርት ቤቱ ወረቀቱን የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ልጅቷ ስታጨድ ለዋለው ሠራተኛ ውሃ ስታመላልስ ከርማ፣ የተመለሰችው ሰሊጡ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማነው ብትሉኝ፣ እኔም ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ይህ ነገር በኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ገንዳ ውሃና መተማ በየዓመቱ ከደጋ ለሥራ የሚወርደው ሰው የሚሰበሰብበት ቆላ ነው። እዚሁ ትዳር ይመሠረታል፣ እዚሁ ይፈርሳል። አንዱ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሱዳን ይሻገርና ድምፁ ይጠፋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህም በዚያው በር ስንቱ ተመልሷል፤ ስንቱ ደግሞ የት እንደደረሰ አልታወቀም። የዚህ ሁሉ ቤተሰብ ልጆች ነገ የምናስተምራቸው ናቸው።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጥቶ ነበር። ሲፋቱም ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይሆናል ይል ነበር። ዛሬም «ከአምስት ዓመት በታች ለእናት» የሚለው ብዙ ሰው ያንን ሕግ ይዞ ነው። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ እኛን የሚገዛን የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ወጥተዋል። አሁን ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም ይመዝናል። ልጁን ያልወሰደውም ወገን የመጠየቅ መብት አለው። ፍቺ ባልና ሚስትን ይለያያል እንጂ አባትን ከአባትነት፣ እናትን ከእናትነት አይሽርም።

ሁለት ቃላትም አናምታታ። በመንደራችን ሞግዚት ስንል ሕፃን የምትጠብቅ ሠራተኛ ትመስለናለች። በሕግ ቋንቋ ግን አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና ትምህርት የሚጠብቅ ሲሆን፣ ሞግዚት ደግሞ የልጁን ሀብት የሚያስተዳድር ነው። ወላጆች በትዳር ሳሉ ሁለቱንም በአንድነት ይሠራሉ። አንዱ ቢሞት በሌላው ላይ ያርፋል።

ይህም ቢሆን ያለገደብ አይደለም። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባቱ «የኔ ነው» ብሎ ካሳደገችው አክስቱ ጋር ተሟግቶ፣ ነገሩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ደርሶ ነበር። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 አባት መሆን ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም እንደሆነ ወሰነ። የተደገፈውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ና በዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ነው።

ሱዳን ሄዶ የጠፋውስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ ለማመልከት ይችላል። ሚስት እስከ ዕድሜ ልኳ «ባለትዳር» ተብላ ታስራ እንድትቀር ሕጉ አይፈቅድም።

«ጣልቃ ብንገባ ጠላት እናፈራለን» የሚል ጓደኛ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዳኛ እንሁን ካልን እናፈራለን። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። ተማሪ ስንመዘግብ «ወላጅ ወይም አሳዳጊ» ከሚለው መስመር ላይ ስም ጽፈን ብቻ አንለፍ። ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር እንጠይቅ፤ ውሳኔ ካለም ግልባጩ በርዕሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። በትምህርት ሰዓት ልጅ ልውሰድ የሚል ሲመጣ ወደ ርዕሰ መምህሩ እንምራው። ልጁን የወላጆቹ መልእክተኛ አናድርገው። የተቸገረችዋን እናት ወይም አባት ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት፣ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናመልክት። ይህን ለማድረግ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ የሚፈስ ውሃ እንኳ ይቆማል ይሉ ነበር። እኔ በዚያን ዕለት አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያቺ ልጅ የመጀመሪያውን መንፈቅ ትምህርቷን ባላጣች ነበር። ነገ የምንመደበው እናንተም እኔም ነን፤ ጥያቄዋን ከአሁኑ እንልመዳት።