ደላላው ስሙን ሲቀይር

በዚህ ወር አምዳችን የምናወጋችሁ ስለ አንድ የሰፈራችን የቤት ደላላ ነው።

ደላላ ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨማድዳለን። ይህ ወንድማችን ግን ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲያከራይ ተከራዩ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይነግረዋል። ከገጠር የመጣ ደረሳ ክፍል ሲፈልግ ኮሚሽን አይቀበልም። ለቅሶ ሲኖርም የእድሩን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ነው።

በቅርቡ አዲስ በተከፈተ የሪል ስቴት ድርጅት ተቀጠረ። ክራባት አሰረ፣ የስም ካርድም አሳተመ። ካርዱ «የሽያጭ አማካሪ» ይላል። ሁላችንም «ማሻ አላህ» ብለን ደስታውን ተካፈልን።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎኔ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ «ኡስታዝ፣ ድሮ የማሳየው የቆመ ቤት ነበር። ሰው ግድግዳውን ይነካል፣ ቧንቧውን ከፍቶ ያያል። አሁን የማሳየው ሥዕል ነው። ሰው የሚያምነው ሥዕሉን ሳይሆን እኔን ነው።»

ነገሩ ወዲህ ነው። አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ልጃቸው ጂዳ በሰው ቤት ሠርታ የላከችላቸውን ገንዘብ ይዘው ወደ ቢሮው መጥተዋል። «አንተ ካለህበት አልሰጋም» ብለውታል። እርሱ ግን ውሉን ሲያነብ የቤቱ ማስረከቢያ ቀን አልተጻፈበትም። ገዢው ክፍያ ቢያዘገይ ግን በየወሩ ቅጣት ይጨመርበታል። «ኮሚሽኑ የሦስት ወር የቤት ኪራዬን ይሸፍናል። እኔ የዋሸሁት ነገር የለም። ዝም ብል ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ከኪታብ ቤትም ከትምህርት ቤትም የቀሰምኩትን አስታውሼ የመለስኩለት ይህን ነው። ገና ያልተሠራን ነገር በሚገባ ተገልጾ እንዲሠራ መዋዋል በሸሪዓ «ኢስቲስናዕ» ይባላል፤ በራሱ ሐራም አይደለም። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 በጂዳ ባደረገው ጉባኤ ይህን ውል ሲያጸድቅ፣ የሚሠራው ነገር ዓይነትና መጠን እንዲገለጽ፣ የማስረከቢያ ጊዜውም እንዲወሰን መስፈርት አድርጓል። ክፍያው በየጊዜው ተከፋፍሎ ቢፈጸም ችግር የለውም። ሠሪው ቢያዘገይ መቀጫ እንዲከፍል መስማማትም ይቻላል። በዕዳ ላይ ስለ መዘግየቱ ጭማሪ መጣል ግን ወደ ሪባ የሚያስገባ በር ነው። ስለዚህ ያ ውል የተገለበጠ ነው፤ መቅረት የሚገባው ተጽፎበታል፣ መጻፍ የሚገባው ቀርቶበታል።

ዝምታውን በተመለከተ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲሥ አስታወስኩት። ሻጩ በቃሉ አልዋሸም፤ እርጥቡን ከደረቁ በታች ማድረጉ ግን ማታለል ሆኖ ተቆጠረበት።

ሌላም ሐዲሥ አለ። ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ በዚያ ዘመን እነርሱን ሰው «ሰማሲራ»፣ ማለትም ደላሎች፣ ይላቸው ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዚህ በተሻለ ስም «ነጋዴዎች» ብለው ጠሯቸው። ወዲያውም ንግድ ከንቱ ቃልና መሐላ ስለማያጣው በሶደቃ እንዲቀላቅሉት መከሯቸው። ልብ በሉ፤ ያማረው ስም የመጣው ከአደራ ጋር ነው። ካርድ ላይ የተጻፈ ማዕረግ አማናን አያነሳም፣ እንዲያውም ይጨምራል።

ወንድማችን በማግስቱ ለእኚያ እናት የውሉን ጉድለት ነገራቸው። እርሳቸውም ሳይፈርሙ ገንዘባቸውን ይዘው ተመለሱ። ኮሚሽኑ ቀረበት። ከዚያም ወደ አለቃው ገብቶ የማስረከቢያው ቀን እንዲጻፍ፣ የዘገየ ክፍያ ጭማሪም እንዲሰረዝ ጠየቀ። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ መልስ አላገኘም። ካልተስተካከለ ወደ ቀድሞ ሥራው ለመመለስ ቆርጧል፤ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው።

እኛስ? «እገሌ አለበት» ብለን ዓይናችንን ጨፍነን ስንፈርም የራሳችንን ኃላፊነት በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ እንጭናለን። የቦታውን ካርታ፣ የግንባታ ፈቃዱንና የማስረከቢያውን ቀን አሳየኝ ማለት ወንድምን መጠራጠር አይደለም። ከፈተና ማገዝ ነው። ልጆቻችን በስደት ላባቸውን አፍስሰው የሚልኩት ገንዘብም አማና ነውና።

አላህ ሐላሉን አብቃቅቶ ከሐራሙ ይጠብቀን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።