ቁጭ ብሎ መሥራት ስንፍና ነው ያለው ማነው?

በአማርኛችን የቆመ ሰው ከተቀመጠ ሰው ሁልጊዜ ይበልጣል። ዋና ጉዳይ ስናነሳ «ቁም ነገር» እንላለን። ሥራ የሌለውን ሰው ደግሞ «ቁጭ ብሎ ይውላል» እንለዋለን። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ እንላለን፤ ይሄኛው ደግ ባሕላችን ነውና አልነካውም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በየሱቁ፣ በየወርክሾፑና በየፋብሪካው ሰው ከጠዋት እስከ ማታ የሚውልበት ጠረጴዛ ቁመቱ ስንት ነው? ወንበርስ አለው ወይ? ማንስ ወሰነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ሲባዛ ግን የሰው ወገብና የሰው እግር ጉዳይ ነው።

ከሩቅ አገር ልጀምር። ጥይት ስለመሙላት ላወራ ነውና እንዳትደነግጡ። በአሜሪካ ዒላማ መተኮስ የሚወዱና አደን የሚወጡ ብዙ ሰዎች የተኮሱትን ጥይት ቀለሃ አይጥሉም። ሰብስበው ቤታቸው ይወስዱና ጋራዥ ወይም ምድር ቤት ውስጥ ባለች ጠረጴዛ ላይ እንደገና ይሞሉታል። ቀለሃውን ያጸዳሉ፤ እጀታ ባለው መጭመቂያ ወደ ልኩ ይመልሱታል፤ የተቃጠለውን መለኮሻ አውጥተው አዲስ ይከትታሉ፤ ባሩድ መዝነው ይጨምራሉ፤ በመጨረሻ እርሳሱን አፉ ላይ ይገጥማሉ። ባሩዱ የሚመዘነው ግሬን በሚባል መለኪያ ሲሆን አንድ ግራም ከ15 ግሬን ይበልጣል። ለአንድ ባለ 9 ሚሊ ሜትር የሽጉጥ ጥይት የሚገባው ባሩድ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ይህች ቅንጣት በስህተት ሁለት ጊዜ ከተጨመረች ሽጉጡን በተኳሹ እጅ ላይ ልታፈነዳው ትችላለች። ጭራሽ ከተረሳች ደግሞ እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ይህን ሳያይ ቀጣዩን የሚተኩስ ሰው ጉዱ ፈላ።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ጠረጴዛቸውን ከመሥራታቸው በፊት በምን የሚከራከሩ ይመስላችኋል? «ቆሜ ልሥራ ወይስ ተቀምጬ?» በሚለው ነው። ክርክሩ የቅብጠት አይደለም። የመጭመቂያው እጀታ ወደ ታች ሲሳብ ጉልበት ይፈልጋል፤ በተለይ ትልልቅ የጠመንጃ ቀለሃ ሲሆን ቆሞ በሰውነት ክብደት መጫን ይቀላል። ባሩድ መመዘን ግን የዓይን ሥራ ነው። የሚዛኑን ምልክት ከላይ አጎንብሶ የሚያይና ፊት ለፊት በዓይኑ ልክ የሚያይ ሰው አንድ ቁጥር አያነቡም። ስለዚህ አንዳንዱ ጠረጴዛውን ለመቆም በሚመች ከፍታ ይሠራና እግር ማሳረፊያ ቀለበት ያለው ረጅም መቀመጫ ይገዛለታል፤ ሲያሻው ይቆማል፣ ሲያሻው ይቀመጣል። ሌላው ጠረጴዛውን ዝቅ አድርጎ መጭመቂያውን ብቻ በማስረገጫ ከፍ ያደርገዋል። የደከመው ሰው ይሳሳታል፤ ወገቡን ያመመው ሰው ቶሎ ጨርሶ መነሳት ይፈልጋልና ይቸኩላል። በባሩድ ፊት መቸኮል ምን እንደሚያመጣ አይተናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሰውዬ ለትርፍ ጊዜው የሚሠራ ነው። አለቃ የለውም። ጠረጴዛውን በራሱ ቁመት፣ በራሱ ክርን ለክቶ ይሠራል። ለእንጀራው የሚሠራው ሰው ግን በማን ክርን ነው የተለካለት?

ክርን ያልኩት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። የሥራ ቦታን ከሰው አካል ጋር የማስማማት ሙያ ኤርጎኖሚክስ ይባላል፤ ዋና መለኪያውም ክርን ነው። ቆሞ ለሚሠራ ሰው፣ ሥራው ጥቃቅን ነገር ማየት የሚጠይቅ ከሆነ ጠረጴዛው ከክርኑ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመከራል። ቀላል የእጅ ሥራ ሲሆን ከክርን ዝቅ ይላል፤ ጉልበት የሚጠይቅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። ነገሩ የዘመናችን ፈጠራም አይደለም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 የሠራተኞችን በሽታ የሚመለከት መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ቆመው የሚሠሩትንም ተቀምጠው የሚውሉትንም ለየብቻ ጽፎላቸዋል። ሁለቱም ይታመማሉ። ቀኑን ሙሉ የቆመ ሰው እግሩ ያብጣል፣ የእግሩ ደም ሥር ይገተራል፣ ወገቡን ያመዋል። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የተቀመጠ ደግሞ አንገቱንና ጀርባውን ያጣል። መድኃኒቱ መቀያየር ነው፤ ለመቀያየር ደግሞ ወንበር መኖር አለበት።

የኛም አባቶች ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። ሸማኔውን ተመልከቱት። ጉድጓድ ቆፍሮ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ መርገጫውን ይረግጣል። መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን ሳያጣጥፍ፣ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይሠራል። የጨርቁ ጥለት ፊቱ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ኤርጎኖሚክስ የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም። (በነገራችን ላይ ብራና ላይ የሚጽፉትን «ቁም ጸሐፊ» እንላቸዋለን እንጂ እነሱም ብራናውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነው የሚጽፉት። ቁሙ ፊደሉ ነው።) ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን መቋሚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለረጅም ሰዓት መቆምን ሥርዓት አድርጋለች፤ ግን ለቆመው ሰው መደገፊያም ሰጥታዋለች። በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም ካህን መደገፊያ ካልተነፈገ ሸሚዝ የምትሸጥ ልጅ የምትነፈገው በምን ሒሳብ ነው?

እንግዲህ ወደ ሸሚዙ መጣሁ። የማውቃት አንዲት ልጅ በአንድ የልብስ መደብር ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ትገባለች፣ ማታ አንድ ሰዓት ትወጣለች። ሱቁ ውስጥ አንድ በርጩማ ነበረች፤ ባለቤቱ አነሳት። ለምን ቢባል «ደንበኛ ገብቶ ተቀምጣ ካያት ቤቱ ገበያ የለውም ብሎ ይወጣል»። ልጅቷ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ካርቶን ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ካርቶኑም ወደ መጋዘን ገባ። አሁን ግድግዳ ትደገፋለች። ማታ ቤቷ ስትገባ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነው የምትተኛው። ደመወዟ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ትገምታላችሁ። እኔ ግን ባለሱቁን አንድ ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ። እውነት ደንበኛ የሚሸሸው የተቀመጠች ልጅ አይቶ ነው ወይስ ደክሟት ፊቷን ያጠቆረች ልጅ አይቶ?

የተቀመጡትስ ተመቻቸው ወይ? አልተመቻቸውም። ሞባይል የሚጠግነውን ልጅ እዩት። ኪዮስኩ ውስጥ አንዲት መስታወት ሣጥን አለች፤ የተሠራችው ዕቃ ለማሳየት ነው እንጂ ሊሠራባት አይደለም። እሱ ግን እሷ ላይ አጎንብሶ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ብረት ይበይዳል። ሥራው ከክርኑ ከፍ ማለት ሲገባው ሆዱ ዘንድ ነው ያለው፤ ስለዚህ አንገቱን ወደ ሥራው ያወርዳል። ልብስ ሰፊውም በረንዳው ላይ ያገኘውን ወንበር ነው የሚጠቀመው። ወንበሩ ዝቅ ሲልበት ትራስ ይጨምራል፤ ትራሱ ሲረግፍ ካርቶን ይጨምራል። እነዚህ እንኳ የራሳቸው አለቃ ናቸውና አንድ ጣውላ ቢጨምሩ የሚከለክላቸው የለም። ያልተነገራቸው ነገር ግን አለ፤ ችግሩ ከዕድሜ ወይም ከብርድ ሳይሆን ከጠረጴዛው ሊሆን ይችላል።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አንቀጽ 92 ላይ አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ ጥሎበታል። ጥሩ ነው፤ ግን ጥቅል ነው። ባለሱቁ «ጤናማ» ሲባል የሚመጣለት የእሳት ማጥፊያው ነው፣ በርጩማዋ አይደለችም። ሌሎች አገሮች ወንበርን በስሙ ጠርተውታል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1899 ለሱቅ ሠራተኞች ወንበር የሚል ሕግ አውጥታ ለሦስት ሴት ሻጮች ቢያንስ አንድ መቀመጫ እንዲኖር አዘዘች። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የንግድና የቢሮ ንጽሕና ስምምነት ቁጥር 120 ላይ በቂና ተስማሚ መቀመጫ ይቅረብ፣ ሠራተኞችም የመጠቀም ዕድል ይኑራቸው የሚል አንቀጽ አለ። በሕንድ ኬረላ ግዛት ደግሞ የሳሪና የልብስ ሱቅ ሴቶች ለዓመታት ጮኸው እ.ኤ.አ. በ2018 የመቀመጥ መብታቸውን በሕግ አስገቡ። ከነሱ የተነሳው ጥያቄ ከኛዋ ልጅ ጥያቄ በምንም አይለይም።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሳነሳበት «እረ ባክህ! ሥራ ያጣው ስንት ነው፣ አንተ ስለ ወንበር ታወራለህ» አለኝ። ይሄ መልስ በጣም የተለመደ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሥራ ማጣት ከባድ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በርጩማ በመከልከሉ ሥራ ያገኘ አንድ ሰው አሳዩኝ። ደመወዝ ጨምሩ ቢባል ባለቤቱ ሒሳብ ሠርቶ አልችልም ሊል ይችላል። በርጩማዋ ግን ድሮም ነበረች እኮ! የወሰዳት እሱ ነው። ይህ የድህነት ጉዳይ አይደለም፤ የተቀመጠ ሰው አይሠራም የሚል እምነት ነው። እንዲያ ከሆነ ጥይት ሞይው ባሩዱን ሲመዝን፣ ሸማኔው ጥለቱን ሲጥል አይሠራም ማለት ነው። ባለሱቁም ራሱ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር አለው።

ከዚህ በኋላ የምለው ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነው። ፋብሪካ ሲመረቅ የሚጻፈውን ዜና ሁላችንም በክፍል ተንትነነዋል። ሪባኑን ማን ቆረጠ፣ ስንት ሚሊዮን ብር ወጣ፣ ለስንት ሺህ ወጣቶች የሥራ ዕድል ተፈጠረ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅም ከሁሉ ቀድሞ የተነገረው ይኸው ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ይጻፍ፤ ግን ያቺ ከሺዎቹ አንዷ የሆነች ልጅ በፈረቃዋ ቆማ ነው የምትውለው ወይስ ተቀምጣ? ጠረጴዛዋ የተሠራው ለስንት ሜትር ሰው ነው? የወር ሆዷ ሲገፋ ምን ይደረግላታል? ይህን ለመጠየቅ ምንጭ ቢሮ ደጅ መጥናት፣ ደብዳቤ ማጻፍ አያስፈልግም። ወደ ውስጥ ከገቡ በኋላ ዓይንን ከመድረኩ ወደ እግር ማውረድ ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው የፊቸር ልምምድ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ አንድ ሜትር ከልብስ ሰፊ ተዋሱና ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ካሉት ሱቆች ጀምሩ። የባንኮኒውን ቁመት ለኩ፣ ወንበሮቹን ቁጠሩ፣ ስንት ሰው ቆሞ እንደሚውል ጻፉ። ባለሱቆቹ ምን እንደሚመልሱ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።