ጎማው ከመስፋቱ በፊት ቸርኬው ይጠየቅ

በዓል ሲቃረብ ብዙዎቻችን አገር ቤት ለመሄድ እንነሳለን። ሻንጣ ይዘጋጃል፣ ለልጆች ስንቅ ይቋጠራል፣ መኪናውም ይፈተሻል። የዚህ ወር ወጋችን በዚያ ፍተሻ መሐል ስለሚያጋጥም አንድ ፈተና ነው፤ ስለ ሰፊ ጎማ።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ያለቀ ጎማ ሊያስቀይሩ ጎሚስታ ቤት ይቆማሉ። ልጁ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ያይና «ጋሼ፣ ለምን ሰፋ ያለ አናደርግልዎትም? መንገድ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ቁመናውም የስፖርት መኪና ነው የሚመስለው» ይልዎታል። የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም። ቸርኬው ያው የነበረው ነው፤ መኪናው ግን ደረቱን የነፋ ይመስላል። ማን እምቢ ይላል? እኔም አላልኩም።

ባለፈው ዓመት ለመስቀል ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ወደ አማቴ አገር ወደ አማኑኤል ተጓዝን። አማኑኤል ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናት። ከደጀን በብቸናና በሞጣ በኩል በሚሄደው መንገድ ሳይሆን፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ መኪናችን እንደ ሙሽራ ነበረች። የዓባይን በረሃ ቁልቁል ስንጀምርና መሪው በየጥምዝምዙ ሲዞር ግን ከፊት በኩል ቺር... ቺር... የሚል ድምፅ መጣ። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ መኪናው እያለቀሰ ነው» አለች። እኔ ፍሬን መስሎኝ ነበር።

አማኑኤል እንደደረስን ከመንገዱ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ አቆምኩ። ወጣቱ እጁን ወደ ጎማው የውስጥ ጎን ሰዶ ዳበሰና እኔንም እንድነካው ጋበዘኝ። ላስቲኩ በሞረድ የተሞረደ ይመስል ነበር። «ጋሼ፣ ጎማው ክፉ አይደለም፤ ቸርኬው ነው ያልተጠየቀ። ጤፍ ጭነው ሲመለሱ ደግሞ የኋላው ይጀምርዎታል» አለኝ። እየተንቀራፈፍን ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሰን አራቱንም በልካቸው ቀየርን። ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ጎማ ገዛሁ። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ሳቁብኝ።

እርስዎ እንደኔ እንዳይሆኑ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እንመልከት። ለምሳሌ 175/65 አር 14 የሚል ቢያገኙ፣ 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 14 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙዎቻችን የምናየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ቸርኬዬ 14 ነው፤ ጎማውም 14 ነው፤ ይገባል» እንላለን። መግባቱስ ይገባል። መግባትና መስማማት ግን ለየቅል ናቸው።

ቸርኬ ከዲያሜትሩ ሌላ የራሱ ስፋት አለው። በብዙ ቸርኬዎች ላይ ጄ ከሚለው ፊደል አጠገብ 5 ወይም 5.5 ተብሎ ተቀርጾ ይገኛል። ያ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። የጎማ ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ጎማ የሚስማማውን የቸርኬ ስፋት ከዚህ እስከዚህ ብለው ይወስናሉ። ለ175/65 አር 14 ከ5 እስከ 6 ኢንች ነው። ለ185/65 አር 14 ከ5 እስከ 6.5፣ ለ195/60 አር 14 ደግሞ ከ5.5 እስከ 7 ኢንች። እንግዲህ ቸርኬዎ 5 ኢንች ከሆነ 185 ድረስ ይፈቅድልዎታል፤ 195 ግን ከልክ ውጭ ነው።

ከልክ ውጭ ሲሆን ምን ይመጣል? ሰፊው ጎማ በጠባቡ ቸርኬ ላይ ሲታሰር ከሥር ይጨመቅና ጎኑ እንደ ፊኛ ያብጣል። የጥርሱ መሐል ጎበጥ ስለሚል መንገዱን በሙሉ ስፋቱ አይረግጥም፤ መሐሉም ቶሎ ያልቃል። መሪ ሲያዞሩ ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፣ ጎማው ዘግይቶ ይከተላል። ለቁንጥጫ የገዙት ጎማ የሚዋልል ሆነ ማለት ነው።

ቁመቱም አብሮ ይለወጣል። 175/65 አር 14 ከመሬት እስከ አናቱ 583 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 195/65 አር 14 ደግሞ 609 ይሆናል፤ 4.5 በመቶ ያህል ይበልጣል። የፍጥነት መቁጠሪያው 80 ሲልዎት እርስዎ ወደ 84 እየነዱ ነው ማለት ነው። ፓራፋንጎውም ለድሮው ጎማ የተለካ ስለሆነ መሪ እስከ ጥጉ ሲዞር፣ ወይም ሰውና ዕቃ ሞልቶ መኪናው ዝቅ ሲል ይነካካል። ከተማ ውስጥ ብቻዎን ሲነዱ ያልሰሙትን ድምፅ የዓባይ ጥምዝምዝ ያሰማዎታል።

«ታዲያ የስፖርት መኪኖች ሰፊ ጎማ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?» ይሉኝ ይሆናል። በደረቅ አስፋልት ሰፊ ጎማ በርግጥ ይረዳል። ነገር ግን የእነሱ ቸርኬም አብሮ ሰፍቶ፣ ፓራፋንጎውም አብሮ ተለክቶ ነው የተሠራው። ደግሞ ሁሉም ሰፊ ጎማ አይደለም ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችው ማዝዳ ኤምኤክስ 5 በመሪዋ ታዛዥነት ዓለም የወደዳት ስፖርት መኪና ናት። ከፋብሪካ የወጣችው 185/60 አር 14 ጎማ በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ አድርጋ ነው። ስፖርተኛ ያደረጋት የጎማዋ ስፋት ሳይሆን የክብደቷ ማነስና የሁሉ ነገሯ በልክ መሆን ነው።

በእኛ ክረምት ደግሞ ሌላም ነገር አለ። መንገድ ላይ ውኃ ሲተኛ ሰፊ ጎማ ውኃውን ከሥሩ ለማስወጣት ይቸገራል፤ ከጠባቡ ቀድሞ በውኃው ላይ መንሳፈፍ ይጀምራል። መሪው ይከብዳል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። ስኮርታውንም አይርሱ። አራቱ ሰፊ ሆነው ስኮርታው የድሮው ከሆነ፣ ጎማ በፈነዳ ቀን በአንድ አክስል ላይ ሁለት የተለያየ ቁመት ይዘው ይነዳሉ።

ስለዚህ ምን ያድርጉ? መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍተው ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ይመልከቱ። ፋብሪካው የፈቀደው የጎማ ልክና የአየር መጠን እዚያ ተጽፏል። አንዳንዱ መኪና ሁለት ልክ ይፈቅዳል፤ ሰፋ ያለ ከፈለጉ ከዚያ ይምረጡ። ከዚያ ውጭ ከሆነ የቸርኬውን ስፋት ያስነብቡ፤ የጎማው ጠቅላላ ቁመትም ከድሮው ብዙ እንዳይርቅ ያሰሉ። ከቸርኬው ዲያሜትር ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቁጥርም ከተጻፈልዎ አያሳንሱ። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ግራም ይሸከማል፣ 86 ማለት ደግሞ 530 ኪሎ ግራም ማለት ነው። የምርት ጊዜውን የሚናገረውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም ይዩ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ካሰሩ በኋላ መሪውን እስከ ጥጉ ወዲህም ወዲያም አዙረው፣ ከኋላ ሰው አስቀምጠው ይፈትሹ። ሲነካ ከሰሙ አይቀበሉ።

አየሩንም ጠዋት መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ያስለኩ። ዓባይ በረሃ ወርደው ጎማው ሲግል አየሩ ከፍ ማለቱ ያለ ነው፤ እዚያ ቆመው አያስተንፍሱ፤ ደጀን ላይ ሲቀዘቅዝ ያንስዎታል። ለሰፊ ጎማ ሊያወጡት ያሰቡትን ጭማሪ ደግሞ አራቱን ጎማ አንድ ዓይነት ለማድረግ፣ ለባላንስና ለአላይመንት ያውሉት። መንገድ የሚያስይዘው እሱ ነው።

እኛ ዘንድሮም ለመስቀል አማኑኤል ነበርን። ስንመለስ ከኋላ ጤፍ ተጭኖ ነበር፤ ልጆቹ ተኝተዋል፣ የዓባይን ጥምዝምዝ በዝቅተኛ ማርሽ ወረድን፣ ወጣን። ጎማዎቻችን ጠበብ ያሉ ናቸው፤ ማንም ዞሮ አላያቸውም። ትንሿ ልጄ ጎሐ ጽዮን ላይ ነቅታ «አባዬ፣ ዛሬ መኪናው አላለቀሰም» አለችኝ።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።